ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን በቤታቸው የሚጠብቁ ዳሳሽ መሣሪያዎች፤ አሠራራቸውና ገደባቸው

አንድ አረጋዊ ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ሌሊት ቢወድቁ የጉዳታቸውን ክብደት የሚወስነው አወዳደቃቸው ብቻ ሳይኾን ወለል ላይ የቆዩበት ሰዓት ጭምር ነው። አጥንታቸው ሳይሰበር እንኳ መነሳት አቅቷቸው እስከ ማለዳ ከቆዩ ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል፤ የውኃ እጥረት ይገጥማቸዋል፤ በክብደታቸው የተጫነው ቆዳ ይቆስላል፤ የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ንጥረ ነገርም ኩላሊትን ያውካል። ደብረ ብርሃንን በመሳሰሉ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ባላቸው ከተሞች የሌሊቱ ብርድ ብቻውን የአረጋዊን አቅም ይፈትናል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የተገኘ ሰውና በማግስቱ ረፋድ ላይ የተገኘ ሰው አወዳደቃቸው አንድ ቢኾን እንኳ ዕጣቸው አንድ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚኾኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት የሚኖሩ ናቸው። ለሞት የሚያበቃ መውደቅ በብዛት የሚደርሰውም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ በኾኑ ሰዎች ላይ ነው። ችግሩ የድኾች ሀገራትም ችግር ኾኖ ሳለ መፍትሔ የሚባሉት መሣሪያዎች ግን በአብዛኛው የተሠሩት ለበለጸጉት ሀገራት ቤትና አኗኗር ነው።

በኢትዮጵያ አረጋውያን ከልጅና ከልጅ ልጅ ጋር መኖራቸው የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ልጆች ለሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዐረብ ሀገራት ወይም ወደ አሜሪካ ሲሄዱ፣ የትዳር አጋርም በሞት ሲለይ፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን የሚያድሩ እናቶችና አባቶች በከተማም በገጠርም አሉ። ይህ ጽሑፍ ሴንሰር ወይም ዳሳሽ የሚባሉት መሣሪያዎች ለእነዚህ ሰዎች ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ ያብራራል። አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር ቢኖር ዳሳሽ መሣሪያ ማንንም ከወለል እንደማያነሳ ነው። የመሣሪያው ሥራ ለሰው መናገር ብቻ ነው። በመኾኑም ዋጋ የሚኖረው ሲናገር ሰምቶ፣ በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ካለ ነው።

አንገት ላይ ከሚንጠለጠል ቁልፍ እስከ ውኃ ማፍያ

በዚህ ዘርፍ ቀድሞ የመጣው መሣሪያ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ወይም እጅ ላይ የሚታሰር የመጥሪያ ቁልፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጀርመን፣ በስዊድንና በሌሎች የአውሮፓ ሀገራት ተስፋፍቷል። አረጋዊው ቁልፉን ሲጫኑ ቤት ውስጥ ያለው ሳጥን በስልክ መስመር ወደ ጥሪ ማዕከል ይደውላል፤ የማዕከሉ ሠራተኛም በሳጥኑ ድምፅ ማጉያ ያነጋግራቸዋል። በእስራኤል መንግሥት ለአረጋውያን በሚሰጠው የእንክብካቤ ድጋፍ ውስጥ ከሚካተቱት አማራጮች አንዱ ይኸው ቁልፍ ስለኾነ በዚያ ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች ስሙን ሰምተውት ይኾናል።

ቁልፉ ቀላልና ጠቃሚ ነው፤ አንድ ትልቅ ድክመት ግን አለበት። ሰው ሊጫነው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የታተመና በካምብሪጅ ዕድሜያቸው ከ90 ዓመት በላይ የኾኑ ሰዎችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከወደቁት ሰዎች 30 በመቶው አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ወለል ላይ ቆይተዋል። የመጥሪያ ቁልፍ በብዙዎቹ ቤት ነበረ፤ ለረጅም ሰዓት በተኙባቸው አብዛኞቹ አጋጣሚዎች ግን አልተጠቀሙበትም። ጥቅሙ ያልታያቸው ነበሩ፤ ቁልፉን የመልበስ ልማድ ያላዳበሩ ነበሩ፤ ሲወድቁ መጫን ያቃታቸው ነበሩ፤ ሆን ብለው ሰው ላለመጥራት የወሰኑም ነበሩ። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ለኢትዮጵያ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። “ልጆቼን አላስጨንቅም፣ ጎረቤት በሌሊት አላስቸግርም” የሚል አረጋዊ በየሰፈሩ አለ።

እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመሙላት የታሰቡት፣ ሰው ምንም ሳይጫን በራሳቸው የሚያስተውሉ መሣሪያዎች ናቸው። ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው በጃፓን ነው። ከሀገሪቱ ሕዝብ 29 በመቶ ያህሉ ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። የጃፓን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ሞተው የተገኙ ሰዎች ከ76 ሺህ በላይ መኾናቸውን አስታውቋል፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የኾናቸው ነበሩ። ዞጂሩሺ የተባለው የቤት ዕቃ አምራች ድርጅት ከዚህ ብዙ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በውስጡ መልእክት ማስተላለፊያ የተገጠመለት የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ ለአገልግሎት አቅርቧል። ጃፓናውያን አረጋውያን በቀን ብዙ ጊዜ ሻይ ይጠጣሉ። ውኃ ማፍያው በተከፈተና ውኃ በተቀዳ ቁጥር ይመዘግባል፤ ርቆ የሚኖረው ልጅም በቀን ሁለት ጊዜ በኢሜይል መረጃ ይደርሰዋል። እናት ዛሬ ጠዋት ሻይ አፍልተዋል ማለት ተነስተዋል ማለት ነው። ምንም ካልተቀዳ ልጅ ስልክ ይደውላል።

የዚህ ፈጠራ ብልህነት በቴክኖሎጂው ርቀት አይለካም። አረጋዊቷ አዲስ ነገር እንዲማሩ፣ እንዲለብሱ ወይም እንዲጫኑ አልተጠየቁም፤ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ሲያደርጉ መልእክቱ በራሱ ይሄዳል። በእኛ ሰፈሮችም ጎረቤት የሚያነበው ተመሳሳይ ምልክት አለ። የእማማ ቤት መስኮት እስከ ረፋድ ካልተከፈተ፣ የሙቀጫቸው ድምፅ ካልተሰማ፣ “ምን ኾነው ይኾን?” ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው አይጠፋም። መሣሪያው የሚተካው ይህን ዐይን ነው፤ የሚያስፈልገውም ይህ ዐይን በሌለበት ወይም በቀጠነበት ቤት ነው።

መሣሪያዎቹ የሚያውቁት እንዴት ነው?

በብዛት የሚሠራበት የእንቅስቃሴ ዳሳሽ ነው። ብዙ አንባቢ ስሙን ሳያውቅ ያውቀዋል፤ ሰው ሲጠጋ በራሱ በሚበራው የፀሐይ ኃይል የግቢ መብራት ላይ የሚታየው ትንሽ ነጭ ጉልላት የሚሸፍነው ይህንኑ ዳሳሽ ነው። ከሰው ገላ የሚወጣው ሙቀት በዐይን የማይታይ ጨረር ነው። ጉልላቱ ክፍሉን በብዙ ቁራጭ ይከፋፍለዋል፤ ሞቃት አካል ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሻገር መሣሪያው ለውጡን ይመዘግባል። ፎቶ አያነሳም፤ ድምፅ አይቀዳም። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ማን እንዳለፈ አይለይም፤ በግ ወይም ውሻ ቢገባም ይቆጥራል። ሳይንቀሳቀስ የተኛን ሰው አያይም፤ ስለዚህ “ወድቀዋል” ብሎ ሊናገር አይችልም። ሊናገር የሚችለው “ከመኝታ ክፍል ወጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ክፍል እንቅስቃሴ የለም” ብሎ ነው። በርካታ ሰው በሚኖርበትና በሚገባበት ቤት ደግሞ ትርጉም አይኖረውም።

የበር ዳሳሽ ከሁለት ቁራጭ የተሠራ ነው፤ አንዱ ማግኔት ሲኾን በሩ ሲከፈት ከሌላው ይርቃል። በመርሳት ሕመም የተያዙ አረጋውያን በሌሊት ከቤት ወጥተው እንዳይጠፉ የሚረዳው ይህ ነው። ፍራሽ ሥር የሚነጠፍ ዳሳሽም አለ፤ ሰውየው ከአልጋ መውረዳቸውን ያውቃል፤ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሱ ያሳውቃል። ከግድግዳ ላይ ኾኖ በራዳር ሞገድ የአካልን አቀማመጥ የሚለይ፣ በእንፋሎት በተሞላ መታጠቢያ ክፍልም የሚሠራ መሣሪያ በገበያ ላይ ውሏል፤ ዋጋው ግን ከሌሎቹ ይበልጣል።

ከሚለበሱት መካከል መውደቅን የሚለዩ የእጅ ሰዓቶች ይጠቀሳሉ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሰዓት የእጅን ድንገተኛ ፍጥነትና ግጭት ለክቶ ከባድ መውደቅ መኾኑን ሲገምት ባለቤቱን ይጠይቃል፤ ሰውየው ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሱ በራሱ ወደ አደጋ ጊዜ አገልግሎት ይደውላል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሆኖም በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ባትሪው መሞላት አለበት። ሌሊት ባትሪው እንዲሞላ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰዓት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ የወደቁትን ሰው አይጠቅምም።

የምድጃ ጥበቃ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአዳዲስ ቤቶች ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኃይሉን የሚቆርጥ መሣሪያ እንዲገጠም ይጠየቃል። በእኛ ከተሞች ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። ድስት ተጥዶ ሳለ መብራት ይጠፋል፤ አረጋዊቷ ማብሪያውን ሳያጠፉ ይተኛሉ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራቱ ሲመለስ ምድጃውም ይግላል። ለአነስተኛ ምድጃ ሰዓት ቆጥሮ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ይረዳል። ነገር ግን የእንጀራ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ኃይል ሊስብ ስለሚችል በተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ “ስማርት” ማከፋፈያ ሊሸከመው አይችልም፤ ራሱ መሣሪያው ቀልጦ የእሳት መነሻ ሊኾን ይችላል። ለምጣድ የሚኾን መቆጣጠሪያ በኤሌክትሪክ ባለሙያ እንጂ በቤተሰብ አይገጠምም።

ከሰል ባለበት ቤት

ለሀገራችን ደጋማ ከተሞች አንድ ዳሳሽ ብቻ ምረጡ ቢባል የጸሐፊው ምርጫ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ነው። በክረምት የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት የተለመደ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በመጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ አረጋውያን ዘንድ ይህ የደም ግፊት ወይም የጉንፋን ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል።

በስፋት የሚታመን አንድ ስሕተት አለ። ጭሱ አልቆ ፍሙ ከቀላ በኋላ ከሰሉ አይጎዳም ይባላል። ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም ጋዙን ያመነጫል። ሰው አፍንጫው የሚያስጠነቅቀው ጭሱ ስለቀረ ይበልጥ ይዘናጋል እንጂ አደጋው አላለፈም። ማንቂያው በውስጡ ያለው ኬሚካል ከጋዙ ጋር ሲገናኝ በሚፈጥረው አነስተኛ ኤሌክትሪክ አማካኝነት መጠኑን ለክቶ ይጮኻል። በባትሪ ይሠራል፤ ኢንተርኔት አይሻም፤ ስልክ አይሻም። የአገልግሎት ዘመኑ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት በመኾኑ ሲገዛ ከጀርባው የተጻፈውን ቀን ማየት ይገባል። ማንቂያ መግዛት የማይችል ቤተሰብ ደግሞ ከማንቂያው የሚበልጠውን ነገር በነጻ ማድረግ ይችላል፤ ከመኝታ በፊት ምድጃውን ከክፍሉ ማውጣት።

ማንቂያው ሲጮኽ ወይም ሰው ራሱን ስቶ ሲገኝ በሩን ከፍቶ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ይቀድማል፤ ከዚያ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ወይም በአቅራቢያ ላለ ጤና ተቋም መደወል ይከተላል። ለመርዳት የገባውም ሰው እዚያው መቆየት የለበትም።

የጭስ ማንቂያ ከዚህ የተለየ መሣሪያ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ዕጣን በሚጨስበት፣ ቡና በሚቆላበትና እንጀራ በሚጋገርበት ቤት የጭስ ማንቂያ በቀን ሦስት ጊዜ ይጮኻል። በሳምንቱ ባትሪው ወጥቶ የልጆች መጫወቻ ይኾናል። ለእንዲህ ያለው ቤት ጭስን ሳይኾን የሙቀት መጨመርን የሚለየው ዓይነት ይሻላል።

ጾምና ሌሊት ጸሎት የማያውቅ መሣሪያ

ዘመናዊዎቹ ሥርዓቶች የቤቱን የተለመደ ውሎ ለጥቂት ሳምንታት ካጠኑ በኋላ ከልማድ የወጣውን ቀን ለይተው ያሳውቃሉ። መቼ ይነሳሉ? ወጥ ቤት ስንት ሰዓት ይገባሉ? ሌሊት ስንት ጊዜ ይወጣሉ? ይህ መረጃ ከመውደቅ ባሻገር ይጠቅማል። በሌሊት ደጋግሞ ወደ መጸዳጃ ቤት መመላለስ የስኳር ወይም የሽንት ቧንቧ ሕመም መጀመሩን ሊጠቁም ይችላል፤ የእርምጃ መዘግየትም የአቅም መድከም ምልክት ሊኾን ይችላል። ምርመራ ግን አይደለም፤ ወደ ሐኪም ለመሄድ ምክንያት የሚኾን ጥቆማ ነው።

ችግሩ “የተለመደ” የሚባለው ነገር ከሀገር ሀገር መለያየቱ ነው። በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናት ወጥ ቤታቸው እስከ ከሰዓት በኋላ ዝም ይላል። ለኪዳን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አባት በሩን ከፍተው ለሰዓታት አይመለሱም። በረመዷን ለሱሑር የሚነሱ አረጋዊት ወጥ ቤት የሚገቡት ሌሊት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን ምድጃ አይነኩም። ስለ እነዚህ የማያውቅ መሣሪያ ለልጅ “እናትህ ዛሬ ምግብ አላበሰሉም” የሚል መልእክት ለ55 ቀናት ይልካል። ልጅም በሦስተኛው ቀን መልእክቱን ማንበብ ይተዋል። በሐሰት የሚጮኽ መሣሪያ ከማይጮኽ የከፋ የሚኾንበት ጊዜ አለ፤ እውነተኛው ጥሪ ሲመጣ የሚሰማው ሰው ጆሮው ደንቁሯልና። ስለዚህ መሣሪያ ሲመረጥ የማሳወቂያ ሰዓቶቹን በእጅ መቀየር መቻሉ፣ ለጾምና ለበዓል የተለየ መርሐ ግብር መቀበሉ መጠየቅ አለበት።

ሲጮኽ ማን ይመጣል?

በጃፓን ያማቶ የተባለው የዕቃ አመላላሽ ድርጅት የሚሰጠው አገልግሎት ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ ቀጥተኛ መልስ ነው። በአረጋዊው መጸዳጃ ቤት ወይም በሌላ ዘወትር በሚጠቀሙበት ክፍል በውስጡ ሲም ካርድ ያለው አምፖል ይገጠማል። አምፖሉ አንድ ቀን ሙሉ ሳይበራ ወይም ሳይጠፋ ከቆየ ለቤተሰብ መልእክት ይደርሳል። ቤተሰብ በስልክ ማግኘት ካልቻለና ከጠየቀ በሰፈሩ ዕቃ የሚያደርሰው የድርጅቱ ሠራተኛ ሄዶ በሩን ያንኳኳል። አምፖሉ ተራ ነገር ነው፤ ዋናው ሀብት በየሰፈሩ ያለው ሠራተኛ ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ድርጅት ባይኖርም ዕድር አለ፤ ጎረቤት አለ፤ በግቢ ውስጥ ተከራይ አለ። ስሕተቱ የሚጀምረው መልእክቱ በቀጥታ ገንዘቡን ለከፈለው ልጅ ብቻ እንዲደርስ ሲደረግ ነው። ልጁ ያለው ቨርጂኒያ ከኾነ ከኢትዮጵያ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እናቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲወድቁ እርሱ ከሥራ ወደ ቤቱ እየነዳ ይኾናል። መልእክቱን ቢያየውስ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር እዚያው ሰፈር ላለ ሰው መደወል ነው። እንግዲያው መልእክቱ ከመነሻው ለዚያ ሰው ይድረስ፤ ለልጁ ሁለተኛ ይድረስ። ጎረቤቱ አንድ ብቻ መኾንም የለበትም፤ አንዱ ለቅሶ ቤት ባደረ ቀን ሌላው መኖር አለበት። ኀላፊነቱን በፈቃደኝነት መቀበላቸው አስቀድሞ በግልጽ መነጋገርን ይጠይቃል፤ በይሉኝታ “እሺ” ያለ ጎረቤት በሌሊት ስልኩን ያጠፋል።

ቀጥሎ የበሩ ጉዳይ አለ። አረጋውያን ሲመሽ በሩን ከውስጥ በመቀርቀሪያ ይዘጋሉ፤ ለደኅንነታቸው ሲሉ የሚያደርጉት ነው። መሣሪያው በደቂቃ ውስጥ ቢናገር፣ ጎረቤት በአምስት ደቂቃ ቢደርስ፣ መቀርቀሪያው ካልተከፈተ በር ለመስበር ሰው ሲጠራ ሰዓት ያልፋል። በብሪታኒያ በውጭ ግድግዳ ላይ በቁጥር የሚከፈት ትንሽ የብረት ሣጥን ተገጥሞ ቁልፍ ይቀመጥበታል። እኛ ጋ ከውጭም በቁልፍ ሊከፈት የሚችል መዝጊያ ማስገጠምና አንዱን ቁልፍ ለታመነ ጎረቤት መስጠት ይበቃል። ይህ ሥራ አንድ አናጢ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ነው፤ ከየትኛውም ዳሳሽ በፊት መደረግ ያለበትም እርሱ ነው።

የመብራትና የኔትወርክ መቆራረጥ ሌላው ፈተና ነው። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በብሪታኒያ 1 ነጥብ 8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የቤት ውስጥ መጥሪያ ይጠቀማሉ። የስልክ ኩባንያዎች የቆየውን የመዳብ መስመር ትተው ወደ ኢንተርኔት መስመር ሲሸጋገሩ መሥራት ያቆሙ መጥሪያዎች ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻም ኩባንያዎቹ ደንበኞችን ያለ ፈቃዳቸው ማሸጋገሩን እንዲገቱ ተደረገ። የመዳቡ መስመር የራሱን ኃይል ይዞ ስለሚመጣ መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር፤ የቤት ራውተር ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የሚገዛ መሣሪያ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ ከኾነ አይመከርም። የራሱ ባትሪና ሲም ካርድ ያለው፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በድምፅ ጥሪ የሚያሳውቅ ይሻላል። እንዲህ ያለውም ቢኾን በየጊዜው የሚሞላ ሂሳብ ይፈልጋል። ሲም ካርዱ ሂሳብ የሌለው መጥሪያ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ጌጥ ነው፤ የመሙላቱን ኀላፊነት ከልጆች አንዱ በስሙ ሊወስደው ይገባል።

የአረጋዊው ፈቃድ

ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚያስቡት ካሜራ ነው። ካሜራ ርካሽ ነው፤ በስልክ ይታያል፤ የሩቅ ናፍቆትንም ያስታግሳል። ነገር ግን እናት ልብስ የሚቀይሩበት፣ አባት የሚጸልዩበት ክፍል ነው። የሚታዩ መኾናቸውን ያወቁ አረጋዊ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይኾናሉ፤ ሳያውቁ የተገጠመባቸው ደግሞ ሲያውቁ የሚሰማቸው ሐዘን በቀላሉ አይሽርም። የእንቅስቃሴ ዳሳሽ ምስል ባያነሳም ስንት ጊዜ መጸዳጃ ቤት እንደሄዱ ያውቃል፤ ይህም የግል ነገር ነው። ስለዚህ ምን እንደሚገጠም፣ የት እንደሚገጠም፣ መረጃው ለማን እንደሚደርስ ለራሳቸው ተነግሮ ፈቃዳቸው መገኘት አለበት። አልፈልግም ካሉም አእምሯቸው ጤነኛ እስከኾነ ድረስ ውሳኔው የእሳቸው ነው።

በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጸድቋል፤ አፈጻጸሙን የመቆጣጠር ሥልጣንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ዳሳሽ መሣሪያ የሚሸጥ ወይም መረጃውን የሚያስተዳድር ድርጅት መረጃው የት እንደሚቀመጥና ለማን እንደሚተላለፍ ሊጠየቅ ይገባል። መልስ ከሌለው አለመግዛት ነው።

በገጠር ቀበሌ

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ ከላይ የተዘረዘሩት አብዛኞቹ አይሠሩም። ሁለት ነገሮች ግን ይሠራሉ። አንደኛው በፀሐይ ኃይል የሚሠራውና ሰው ሲጠጋ የሚበራው መብራት ነው። ከቤት ወጥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መንገድ በድንጋይና በጭቃ የተሞላ ነው፤ አረጋውያንም በሌሊት ባትሪ ፍለጋ ከመዳበስ በጨለማ መውጣት ይቀላቸዋል። አንዱን በቤቱ ደጃፍ፣ አንዱን በመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ መስቀል መውደቁን ሳይነግር ያስቀረዋል። የሚሰቀለው ቀን ቀን ፀሐይ በሚያገኝበት፣ ከብት በማያልፍበት አቅጣጫ መኾን አለበት፤ ያለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ለላም ሲበራ አድሮ ንጋት ላይ ባትሪው ያልቃል። ሁለተኛው ትልልቅ ቁልፍና የአደጋ ጥሪ መጫኛ ያለው ተራ የእጅ ስልክ ነው። በአንድ ጭነት በተራ ለሦስት ወይም ለአራት ሰው የሚደውሉ አሉ። ስልኩ በአንገት ማንጠልጠያ ካልታሰረ ግን መደብ ላይ ይቀራል።

ዐይናቸው በሞራ የተጋረደ አረጋዊ ከመብራትም ከዳሳሽም በፊት የሚያስፈልጋቸው የዐይን ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሞራ ቀዶ ሕክምና አጭር ሲኾን ብዙዎች ወዲያው ዕይታቸው ይመለሳል። የሚያዞር መድኃኒት የሚወስዱ ከኾነም መጠኑን ከጤና ባለሙያ ጋር ማየት ያሻል። መሣሪያ የሚገዛ ልጅ እነዚህን ሁለቱን አስቀድሞ ቢጨርስ መሣሪያው የሚጮኽበት ምክንያት ይቀንሳል።

ማንኛውም መሣሪያ ከተገጠመ በኋላ በወር አንድ ጊዜ መሞከር አለበት፤ ለማስታወስ እንዲቀል የዕድር መዋጮ የሚከፈልበትን ቀን መያዝ ይቻላል። ሙከራው ቁልፉን ተጭኖ መብራቱ መብራቱን በማየት አያበቃም። ጎረቤቱ ጥሪው ደርሶት፣ ቁልፉን ይዞ መጥቶ፣ በሩን ከውጭ ከፍቶ እስኪገባ ድረስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይቆጠራል። ቢያንስ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙከራው መብራት በጠፋበት ምሽት መደረግ ይኖርበታል።